«ኢንሹራንስ አይሸፍነውም» ሲባል፦ የልጆች ቪዥን ቴራፒና የክፍያው ጣጣ በአሜሪካ

በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸው መጽሐፍ ይዞ ከተቀመጠ ብዙም ሳይቆይ ራሱን እንደሚያመው፣ መስመር እንደሚዘል፣ አንዱን ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ማንበብ እንደሚቀናው አስተዋሉ እንበል። ትምህርት ቤት በተደረገለት ምርመራ ልጁ 20/20 ያያል፤ መነጽርም አያስፈልገውም ተብሏል። በመጨረሻ ኦፕቶሜትሪስት (ዓይን የሚመረምርና መነጽር የሚያዝ ባለሙያ) ዘንድ ሲቀርብ ችግሩ በእያንዳንዱ ዓይን የማየት ኃይል ላይ ሳይሆን በሁለቱ ዓይኖች ቅንጅት ላይ መሆኑ ይነገራቸውና በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ወር ያህል የሚሰጥ ቪዥን ቴራፒ፣ ማለትም በባለሙያ የሚመራ የዓይን ልምምድ፣ ይታዘዛል። አንዱ ቀጠሮ 150 ዶላር ቢሆን 24ቱ 3,600 ዶላር ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ሰፊ ምርመራና በየመሃሉ የሚደረጉት ግምገማዎች ገና አልተቆጠሩም። ከዚያ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሠራተኛ «ይህን ኢንሹራንስ አይሸፍነውም» ትላለች።

ይህች አጭር መልስ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ልትይዝ ትችላለች። ክሊኒኩ ከቤተሰቡ ኢንሹራንስ ጋር ውል የለው ይሆናል፤ የማይከፍለው የመነጽሩ ኢንሹራንስ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዋናው የጤና ኢንሹራንስ ራሱ ሕክምናውን ከሽፋን ውጭ አድርጎታል። ሦስቱም የየራሳቸው መውጫ አላቸው፤ የአንዱ መንገድ ለሌላው አይሠራም። ብዙ ወላጅ ግን የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቅ ወይ ክሬዲት ካርዱን ያወጣል ወይ ሕክምናውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል።

ከገንዘቡ የሚቀድም አንድ ጥያቄም አለ፤ ሕክምናው የታዘዘው ለየትኛው ችግር ነው? ቪዥን ቴራፒ የሚለው ስም በጥናት የተደገፈውንም ያልተደገፈውንም በአንድነት ያቀፈ በመሆኑ፣ ኢንሹራንሱ የሚከፍለውም ወላጅ ከኪሱ ቢያወጣ የማይቆጨውም በወረቀቱ ላይ በተጻፈው የምርመራ ውጤት ላይ ይመሠረታል።

ጠንካራ ማስረጃ ያለው ኮንቨርጀንስ ኢንሰፊሸንሲ ለሚባለው ችግር ነው። ቅርብ ያለን ነገር ለማየት ሁለቱም ዓይኖች እኩል ወደ አፍንጫ መዞር አለባቸው፤ ይህ ሲያቅታቸው ልጁ ወይ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፣ ወይ ሁለት እንዳያይ ሲታገል ይደክማል። በአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም ድጋፍ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 221 ልጆችን በአራት ቡድን ከፍሎ ለ12 ሳምንት ተከታትሏል። ክሊኒክ እየመጡ በባለሙያ ከታገዙትና ቤትም ከተለማመዱት ልጆች መካከል 73 በመቶው የዳኑ ወይም የተሻላቸው ሆኖ ተገኝቷል። እርሳስ ወደ አፍንጫ እያስጠጉ በመመልከት ቤት ብቻ ከተለማመዱት የተሻላቸው 43 በመቶ፣ በዚያ ላይ የኮምፒውተር ልምምድ ከተጨመረላቸው 33 በመቶ፣ ክሊኒክ መጥተው የማስመሰያ ልምምድ ከተሰጣቸው ደግሞ 35 በመቶ ነበሩ። ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ «እርሳስ ይዞ ቤቱ ይለማመድ» ብሎ ወላጅን መሸኘት ርካሽ ቢሆንም የክሊኒኩን ያህል አለመሥራቱ ነው። ሁለተኛው፣ ጥናቱ ውጤቱን ያገኘው በ12 ሳምንት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ተጨማሪ ችግር ሳይኖር 40 ቀጠሮ የሚያዝ ክሊኒክ ምክንያቱን እንዲያስረዳ መጠየቅ ነውር የለበትም።

በ2019 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 የሆኑ 311 ልጆችን ይዞ ሌላ ነገር ጠየቀ፦ ዓይናቸው ሲቀናጅ የሚያነቡትን የመረዳት ችሎታቸው ይጨምራል ወይ? ከ16 ሳምንት ሕክምና በኋላ የተገኘው መልስ፣ ሕክምናውን ያገኙት ልጆች በንባብ ፈተና የማስመሰያ ልምምድ ከተሰጣቸው የተለየ መሻሻል አላሳዩም የሚል ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራትም በ2009 በጋራ ባወጡት መግለጫ ቪዥን ቴራፒ ዲስሌክሲያን ወይም የመማር ችግርን እንደሚያክም የሚያሳይ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም ብለዋል። ኦፕቶሜትሪስቶች በዚህ ጉዳይ ከዓይን ሐኪሞቹ ጋር ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ በእኔ እይታ ግን ለወላጁ የሚጠቅመው መስመር ግልጽ ነው። ልጁ ሲያነብ ራሱን ስለሚያመውና ሁለት ስለሚያይ መክፈል ምክንያታዊ ነው፤ የንባብ ውጤቱ ከፍ እንዲል ተብሎ ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ማውጣት ግን አይደለም። አንደኛው ዓይን የደከመበት ሕፃን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የዚህ የተለመደው ሕክምና መነጽርና ደህናውን ዓይን በቀን ለጥቂት ሰዓት መሸፈን ነው፤ ዋጋውም ከቴራፒው ጋር አይወዳደርም።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ እንመለስ። በአሜሪካ የዓይን ነገር ለሁለት የተከፈለ ነው። እንደ ቪኤስፒና አይሜድ ያሉት የቪዥን ኢንሹራንሶች በዋናነት የተዘጋጁት ለዓመታዊ ምርመራ፣ ለፍሬም፣ ለሌንስና ለኮንታክት ሌንስ ነው። በሽታ ወይም የሥራ መዛባት ሲኖር ኃላፊነቱ ወደ ዋናው የጤና ኢንሹራንስ ይዞራል። ኮንቨርጀንስ ኢንሰፊሸንሲ ኤች 51.11 የሚል የምርመራ ኮድ አለው፤ ልምምዱ 92065 በሚለው ቁጥር ይጠየቃል፤ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ረዳት ባለሙያ በሐኪም ክትትል ሲሰጠው 92066 ይባላል። ስለዚህ ስልክ የሚደወለው ለጤና ኢንሹራንሱ ነው፤ ጥያቄውም «ቪዥን ቴራፒ ትከፍላላችሁ?» መሆን የለበትም፤ ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ አይሆንም ነውና። «92065 ኤች 51.11 ለሚል ምርመራ ይሸፈናል ወይ፣ የቀጠሮ ብዛት ገደብ አለው ወይ፣ ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል ወይ፣ ይህ የተጻፈበት ሰነድ የትኛው ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። የተናገረው ሠራተኛ ስም፣ ቀኑና የጥሪው መለያ ቁጥር ተመዝግበው ይያዛሉ።

ሽፋኑ ኖሮ ክሊኒኩ ከኔትወርክ ውጭ ከሆነ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ከሌለው፣ ፒፒኦ (ከኔትወርክ ውጭም በከፊል የሚከፍል ፕላን) ያለው ቤተሰብ ከኪሱ ከፍሎ ሱፐርቢል የሚባለውን ዝርዝር ደረሰኝ ከክሊኒኩ በመቀበል ገንዘቡ በከፊል እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ኤችኤምኦ (በዋናነት በኔትወርክ ውስጥ የሚከፍል ፕላን) ግን እንዲህ ያለውን በር ብዙውን ጊዜ ዘግቶ ይይዛል። በዚህ ጊዜ ወላጁ «በኔትወርካችሁ ውስጥ በተመጣጣኝ ርቀት ይህን ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ስም ስጡኝ» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። ኢንሹራንሱ ስም መስጠት ካልቻለ፣ ከኔትወርክ ውጭ ያለውን ባለሙያ እንደ ውስጥ ቆጥሮ እንዲከፍል ልዩ ፈቃድ የሚጠየቅበት አሠራር አለ። በብዙ አካባቢ ይህን ሥራ የሚሠራ ኦፕቶሜትሪስት ጥቂት ስለሆነ ይህ ጥያቄ ባዶ አቤቱታ አይደለም።

የክልከላ ደብዳቤ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚነበበው ምክንያቱ የተጻፈበት መስመር ነው። «ለሕክምና አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም» ወይም «ገና በሙከራ ላይ ያለ ነው» የሚል ከሆነ ክርክሩ በማስረጃ ላይ ነው፤ በማስረጃም ይረታል። «በውሉ መሠረት ቪዥን ቴራፒ ከሽፋን ውጭ ነው» የሚል ከሆነ ግን መቶ ገጽ ጥናት ቢያያዝ ውሉን አይለውጠውም። በሁለተኛው ዓይነት ደብዳቤ ላይ ወራት ማባከን አይገባም፤ በመጀመሪያው ላይ ደግሞ ሳይከራከሩ መተው ያስቆጫል።

ለይግባኙ ጊዜ ገደብ አለው። የክልከላ ማስታወቂያው ከደረሰ በ180 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ ራሱ ይግባኝ ይቀርባል፤ ሕክምናው ገና ካልተሰጠ መልሱ በ30 ቀን፣ ተሰጥቶ ካለቀ በ60 ቀን መምጣት አለበት። አሁንም እምቢ ካለና ክርክሩ የሕክምና ፍርድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በአራት ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ነፃ በሆነ የውጭ አካል እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ የዚያ አካል ውሳኔ ኢንሹራንሱን ያስገድዳል። ከይግባኙ ጋር የሚያያዘው የኦፕቶሜትሪስቱ ደብዳቤ «ልጁ ይቸገራል» በሚል ዓረፍተ ነገር ከቆመ አይረባም። የ2008ቱ ጥናት ልጆቹን የመረጠባቸውን መለኪያዎች በቁጥር ቢያስቀምጥ ይሻላል፦ ዓይኖቹ ቅርብ ነገር ላይ ተባብረው መቆየት የሚያቅታቸው በስንት ሴንቲሜትር ላይ ነው (ጥናቱ 6 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ወስዷል)፣ በምልክቶች መጠይቁ ላይ ልጁ ስንት ነጥብ አገኘ (16 እና ከዚያ በላይ)፣ ከቅርብና ከሩቅ ሲለካ የዓይኖቹ የመለያየት ዝንባሌ ምን ያህል ይለያያል። ገምጋሚው ሐኪም የልጁን ቁጥሮች ከጥናቱ ጎን አስቀምጦ «ይህ አይመለከተውም» ለማለት ይከብደዋል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። በካርዱ ላይ የትልቅ ኢንሹራንስ ኩባንያ ስም ቢጻፍም፣ ብዙ ትልልቅ አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ሕክምና የሚከፍሉት ከራሳቸው ካዝና ነው፤ ኩባንያው ወረቀቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እንዲህ ያለው ፕላን የሚመራው ኤሪሳ በሚባለው የ1974 የፌዴራል ሕግ ስለሆነ የስቴቱ የኢንሹራንስ ኮሚሽነር ሊያዝበት አይችልም፤ አቤቱታው ለፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር) ነው። በሌላ በኩል ውሉን የጻፈው አሠሪው በመሆኑ፣ ከሽፋን ውጭ የተደረገን ነገር ለመጪው ዓመት እንዲያስገባ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ (ኤችአር) በኩል መጠየቅ የሚቻለው እዚህ ነው።

ከሁሉ የጠነከረው መብት ያለው፣ ብዙ ሰው ደካማ አድርጎ በሚገምተው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በመንግሥት በሚሰጠው የጤና ሽፋን፣ በሜዲኬይድ ላይ ነው። ኢፒኤስዲቲ በመባል የሚታወቀውና በ1967 ተጀምሮ በ1989 የተጠናከረው ሕግ ስቴቶች ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ የሜዲኬይድ ተጠቃሚ፣ በምርመራ የተገኘበትን ችግር ለማከም ወይም ለማሻሻል አስፈላጊ የሆነን አገልግሎት ሁሉ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ አገልግሎቱ የፌዴራሉ የሜዲኬይድ ሕግ ከሚያውቃቸው ዓይነቶች ውስጥ እስከሆነ ድረስ የስቴቱ ፕላን ለአዋቂዎች ባይሸፍነውም እንኳ። በአዋቂ ላይ የሚሠራው የቀጠሮ ጣሪያ ልጅ ላይ እንደ መጨረሻ መልስ ሊቀርብ አይችልም፤ የዚያ ልጅ ፍላጎት በተናጠል መመዘን አለበት። ይህ ማለት ፈቃዱ በጥያቄ ብቻ ይገኛል ማለት አይደለም። ሜዲኬይድን በውል የሚያስተዳድሩት ኩባንያዎች፣ ኤምሲኦዎችም፣ ይከለክላሉ፤ የይግባኙ ጊዜም ከግሉ ኢንሹራንስ አጭር ነው፤ 60 ቀን። የኤምሲኦው ይግባኝ ካልተሳካ ስቴቱ ራሱ በሚያዘጋጀው ችሎት የመሰማት መብት አለ። በደብዳቤው ላይ ኢፒኤስዲቲ የሚለውን ስም አለመርሳት ነው፤ ይህ ስም የሌለበት ማመልከቻ በአዋቂው መለኪያ ተመዝኖ ሊወድቅ ይችላል።

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ይህ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። በሜሪላንድና በዲሲ ለልጆች የተቀመጠው የገቢ ጣሪያ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር ሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ አባትና እናት ራሳቸው ገቢያቸው በልጦ ከሜዲኬይድ ቢመለሱም ልጃቸው ሊያልፍ ይችላል። በቨርጂኒያ ያለ ወላጅ ደግሞ ልጁ ፋሚስ በሚባለው የስቴቱ የልጆች ኢንሹራንስ ላይ ነው ወይስ ፋሚስ ፕላስ ላይ ብሎ ካርዱን ይይ፤ የኢፒኤስዲቲ መብት የሚከተለው የልጆች ሜዲኬይድ የሆነውን ፋሚስ ፕላስን ነው። ቋንቋም እንቅፋት መሆን የለበትም። ከክልከላ ደብዳቤው ኋላ ባለው ገጽ፣ ከብዙ ቋንቋዎች መካከል፣ «የሚናገሩት ቋንቋ አማርኛ ከሆነ» ብሎ የሚጀምር መስመርና የስልክ ቁጥር ይገኛል። ብዙ ሰው ሳያነበው ይጥለዋል እንጂ በነፃ አስተርጓሚ የማግኘት መብቱን የሚነግረው ያ መስመር ነው። በዲሲ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት በአማርኛ ማስተናገድ ይጠበቅባቸዋል። የአሥር ዓመት ልጅን በራሱ የሕክምና ክርክር ላይ አስተርጓሚ ማድረግ ለልጁም ለጉዳዩም አይበጅም።

ሁሉም ተሞክሮ መክፈሉ የማይቀር ሲሆን ከሁሉ የሚቀለው ከታክስ በፊት ባለ ገንዘብ መክፈል ነው። አሠሪው ኤፍኤስኤ የሚባለው ለሕክምና ወጪ የሚውል ሒሳብ ካለው ሠራተኛው ከደመወዙ ላይ ማስቀመጥ ይችላል፤ ጣሪያው በ2025 3,300 ዶላር ነበር። የፌዴራል ታክሱ 12 በመቶ የሆነ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ተቆራጩ 7.65 በመቶ ሲጨመር ከዚህ መጠን ወደ 650 ዶላር ይቆጥባል። የኤፍኤስኤ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ ለዓመቱ የተመዘገበው ገንዘብ ገና ከደመወዝ ሳይቆረጥ ከፕላኑ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ለወጪ ክፍት ነው። ስለዚህ በመኸር ምዝገባ ጊዜ አስቦ ሕክምናውን በጥር ያስጀመረ ወላጅ ክፍያውን ያለ ወለድ ዓመቱን ሙሉ አከፋፈለ ማለት ነው። በራሳቸው የሚሠሩ፣ ለምሳሌ የኡበርና የታክሲ ሾፌሮች፣ ኤፍኤስኤ አይፈቀድላቸውም። ለእነሱ የሚሆነው ኤችኤስኤ የሚባለው ለሕክምና የሚውል የራስ የቁጠባ ሒሳብ ነው፤ ከ2026 ጀምሮ በመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ የሚሸጡት ብሮንዝ የሚባሉ፣ ወርሃዊ ክፍያቸው ዝቅ ያለ ፕላኖች ሁሉ ኤችኤስኤ ለመክፈት እንዲያበቁ በሕግ ተፈቅዷል። በሁለቱም መንገድ ሐኪሙ ችግሩን በስሙ ጠቅሶ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ቢጽፍ ወደፊት ለሚነሳ ጥያቄ መልስ ይሆናል። በታክስ ጊዜ ወጪውን ማስቀነስ የሚቻለው ግን የዓመቱ የሕክምና ወጪ ከገቢው 7.5 በመቶ ሲያልፍና ቤተሰቡ ወጪዎቹን በዝርዝር የሚያቀርብ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ሰው አይጠቅምም።

ክሊኒኮች ጠረጴዛቸው ላይ የሚያስቀምጡት የሕክምና ክሬዲት ካርድ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ለ12 ወር ያለ ወለድ» የሚለው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ወለዱ ተሰርዟል ማለት ሳይሆን እየተቆጠረ ተቀምጧል ማለት ነው። ከ3,000 ዶላር ብድር 2,700ው ተከፍሎ በቀነ ገደቡ 300 ዶላር ቢቀር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመው ወለድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዕዳው ላይ ይወድቃል፤ መጠኑም በዓመት ከ26 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። የፌዴራሉ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በ2013 ኬርክሬዲት የተባለው የሕክምና ክሬዲት ካርድ ደንበኞችን የመዘገበበት መንገድ አሳሳች ነው በሚል እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲመለስ አዝዞ ነበር። እቁብ ያለው ሰው ሰብሳቢውን አስፈቅዶ ቀድሞ ቢወስድ ከዚህ ካርድ እጅግ ይሻለዋል፤ ወለድ የለውም፣ የሚከፈለውም ቀድሞ የታወቀ ነው።

ዋጋውን ራሱ ዝቅ ማድረግም ይቻላል። የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤቶች በሚያስተዳድሯቸው ክሊኒኮች ሕክምናውን ሐኪሞች በሚቆጣጠሯቸው ሠልጣኞች እጅ ከግል ክሊኒክ ባነሰ ዋጋ የማግኘት ዕድል አለ፤ በኒው ዮርክ፣ በፊላዴልፊያ፣ በቦስተንና በካሊፎርኒያ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። በየሳምንቱ መመላለስ የማይችል ቤተሰብ ቢያንስ ሁለተኛ አስተያየት ለማግኘት አንድ ጊዜ ቢሄድ ድካሙ አይከስርም። የግል ክሊኒኩ ጋ ለሚቀር ደግሞ፣ ሙሉውን ፓኬጅ ቀድመው ለሚከፍሉ የሚሰጠው ቅናሽ ያጓጓል፤ ነገር ግን ልጁ በአሥረኛው ቀጠሮ ቢሻለው ወይም ቤተሰቡ ቢዛወር ቀሪው ገንዘብ ይመለሳል የሚል ቃል በውሉ ላይ ካልሰፈረ መፈረም አያስፈልግም። ኢንሹራንስ ሳይጠቀም በራሱ የሚከፍል ሰው ከ2022 ጀምሮ የሚጠበቀውን ዋጋ በጽሑፍ አስቀድሞ የማግኘት መብት አለው፤ የመጨረሻው ሂሳብ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይችላል።

ከልጆች ውጭ የሚነሳም ጉዳይ አለ። በመኪና አደጋ ራሱን የተመታ ሾፌር ከዚያ ወዲህ ማንበብና ስክሪን ማየት ቢያቅተው፣ የጤና ኢንሹራንሱን ከመለመኑ በፊት የመኪናውን ይመልከት። በሜሪላንድ ፒአይፒ የሚባለው የመኪና ኢንሹራንስ ሽፋን ባለቤቱ ፈርሞ ካልተወው በቀር ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ለሕክምና ይከፍላል፤ ዝቅተኛው የሽፋን መጠን 2,500 ዶላር ነው።

ልጁን በተመለከተ ትምህርት ቤቱም ድርሻ አለው። ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ የመማር ችግር መኖሩና አለመኖሩ በነፃ እንዲመረመር በ1975 የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የልዩ ትምህርት ሕግ ይፈቅዳል፤ ትምህርት ቤቱ አያስፈልግም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ይህ ምርመራ ከቴራፒው ክፍያ በፊት ቢካሄድ ይመረጣል። ዲስሌክሲያ ከተገኘ መፍትሔው የንባብ ትምህርት ነው፤ ልጁ ለልዩ ትምህርት ብቁ ሆኖ ከተገኘም ያንን የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ ነው። ችግሩ የዓይን ቅንጅት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ቴራፒውን እንዲከፍል ማድረግ አልፎ አልፎ ቢሳካም ከባድ ነው። ያ ባይሆንም አካል ጉዳተኞችን ከአድልዎ በሚጠብቀው በ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 504 መሠረት የኦፕቶሜትሪስቱን ሪፖርት ይዞ በፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ ተለቅ ባለ ፊደል የታተመ ጽሑፍ፣ ከሰሌዳ መገልበጥ የሚቀርበትን መንገድና በየመሃሉ ዓይን የማሳረፊያ ደቂቃዎችን መጠየቅ ይቻላል። ይህ የኢንሹራንስ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የይግባኙ መልስ እስኪመጣ ድረስም በሚቀጥለው ሳምንት ሊጀመር ይችላል።